ዛርዶቅ የከፈታቸው ማሰሮዎች

በአሚሶስ ወደብ ዓሣ የሚሸጡ ሴቶች ቢጫዋን ሳንቲም በዋጋዋ አይጠሯትም። «ክንፏን ወዲህ በል» ነው የሚሉት፤ በአንድ ፊቷ ዘንባባ ተሸክማ የምትራመድ ባለክንፍ ሴት አለችባትና። ከመዶሻው ሥር እንደወጣች ወርቅ ትመስላለች። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ትጠቁራለች፤ በአመድና በጨርቅ ሲያሿት ደግሞ መልሳ ትስቃለች። እኔ ፊደል የለየሁት በእሷ ላይ ከተቀረጸው የከተማችን ስም ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ በመቃብር ድንጋይም ሆነ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም። ስለ ንጉሣችን መርከቦችና ስለ ጦር አለቆቹ ብዙ ተጽፏል። ያችን ሳንቲም ቢጫ ስለሚያደርጋት ሰው ግን የተጻፈ አላየሁም። ሰውየው ጎረቤቴ ነው፤ አምላካችን እናት ማ ዕድሜ ሰጥታው ዛሬም አለ። ስለ እሱ ልጻፍ ብዬ የተነሣሁት ሳይረሳ ነው።

ስሙ ዛርዶቅ ይባላል። የተወለደው ከባሕሩ ጀርባ ባሉት ተራሮች ነው። በጉብዝናው መዳብን ቢጫ የሚያደርገውን ነጭ አፈር ከዚያ በበቅሎ እየጫነ ወደ ንጉሡ ሳንቲም ቤት ያመጣ ነበር። አንድ ክረምት በረዶ መንገዱን ዘጋበትና መመለስ አቃተው። እቶኑ አጠገብ ቆሞ እጁን ሲያሞቅ ያዩት ሠራተኞች «ዝም ብለህ ከምትቆም ወናፉን ንፋ» አሉት። በረዶው ቀለጠ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ በቅሎዎቹም በሌላ ሰው ተነድተው ሄዱ፤ ዛርዶቅ ግን ወናፉን አልለቀቀም። «ልሞቅ ገብቼ ቀረሁ» ይላል እስከ ዛሬ፣ ሰው የሕይወቱን ታሪክ ሲጠይቀው። ሌላ አይጨምርም።

አጭር ነው። ቅንድቡን እሳቱ ስለበላው መቼ እንደሚቆጣና መቼ እንደሚቀልድ ከፊቱ አይታወቅም። ሥራው ቢጫውን ነሐስ ማውጣት ነው። ቀዩን ነሐስ ማንም ያቀልጠዋል፤ መዳብና ቆርቆሮ መቀላቀል ብቻ ነው። ቢጫው ግን ሌላ ነገር ነው። መዳቡ ይሰባበርና ከነጩ አፈርና ከከሰል ጋር በማሰሮ ውስጥ ይገባል። ማሰሮው ይከደናል፤ የክዳኑ ዙሪያ በእርጥብ ጭቃ ይመረጋል። ከዚያ ዛርዶቅ አውራ ጣቱን ጭቃው ላይ ይጫንና «እናት ማ፣ እኔ ዘጋሁት፣ አንቺ ጠብቂው» ይላል። ያንን ሳይል እሳት አይነድም። ታሽጎ ቀስ ብሎ ሲበስል የዋለ መዳብ ወርቅ መስሎ ይወጣል። ክዳኑ በመሐል ከተከፈተ ግን የአፈሩ ኃይል በጢስ ወጥቶ ይሄዳል፤ መዳቡም ቀይ ሆኖ ይቀራል። ማሰሮዎቹን የምሠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራው ከሩቅ የሰማሁትን አይደለም።

ከዛርዶቅ በፊት ቢያሳስ የሚባል ሰው በቦታው ነበር። የዚያ ሰው ማሰሮዎች ተደጋግመው ቀይ ወጡ። የዚያን ጊዜው አለቃ «ነጩን አፈር ለሌላ እየሸጥክ ማሰሮውን በባዶ ትዘጋለህ» አለው። ቢያሳስ ምሎ ተገዝቶ ካደ፤ አልሰሙትም። ቀዩ መርዝ ወደሚቆፈርበት ተራራ ላኩት። እዚያ የሚገድለው ሥራው አይደለም፣ አየሩ ነው። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየሁም። ሚስቱ አሁንም ገበያ ላይ ለውዝ ትሸጣለች። ዛርዶቅ በየገበያው ቀን ከእሷ ይገዛል፤ ዋጋ ሲከራከራት ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ቀን በጸደይ ነበር። በኮማና ከተማ የእናት ማ በዓል ደርሷል። ለቤተ መቅደሱና በዚያ ለሚሰበሰቡት ወታደሮች አዲስ ቢጫ ሳንቲም እንዲሄድ ንጉሡ አዟል፤ ጭነቱን የሚወስዱት በቅሎዎች ወደብ አጠገብ ታስረው ገብስ ይበላሉ። በተራራው ላይ በረዶው ገና ስለነበር አዲስ ነጭ አፈር አልመጣም። በመጋዘኑ የቀረችውን አፈር ሁሉ ዛርዶቅ ያን ቀን ንጋት ላይ በማሰሮዎቹ ከፋፍሎ ዘጋት። አውራ ጣቱን ጫነ፣ ጸሎቱን አደረሰ፣ እሳቱን ለኮሰ።

ከቤቱ ሲወጣ ልጁ አሚያ ተኝታ ነበር። ናና፣ ሚስቱ፣ ከአሚያ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች። የቀረቻት አሚያ ብቻ ናት። ዓሣ አጥማጁን ቲቢዮስን አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ በአባቷ ቤት ቀኗን ትጠብቅ ነበር።

ፀሐይ ከፍ ስትል ቲቢዮስ በሳንቲም ቤቱ በር እየሮጠ ገባ። ባዶ እግሩን ነው። ቀበቶ የለውም፤ ልብሱን በሁለት እጁ ሰብስቦ ይዟል።

መዶሻ የሚመታው ጋሲስ ሥራውን አቁሞ ተመለከተው። ጋሲስ እጁ ከባድ፣ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የባሰ ሰው ነው።

«ምነው አንተ፣ ዛሬ ዓሦቹ ናቸው ያጠመዱህ?» አለው።

ቲቢዮስ አልሰማውም። «አባቴ! ቀበቶህን ፍታ! አሚያ ምጥ ይዟታል!»

በእኛ አገር ሴት ስታምጥ የቤተሰቡ እጅ ያሰረው ሁሉ ይፈታል፣ የከደነው ሁሉ ይከፈታል። የታሰረ ነገር ካለ ልጁ መንገድ አያገኝም ይላሉ አዋላጆቻችን። ዛርዶቅ ቀበቶውን ፈታ፣ የጫማውን ጠፍር ፈታ። ዝም ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ ሌሎቹም ፈቱ። የቆዳ ሽርጡ፣ የራስ ማሰሪያው፣ ሁሉም መሬት ላይ ሆነ። ጋሲስ ልብሱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መዶሻውን ሊያነሣ ሞከረና ተወው።

«በንጉሡ ሳንቲም ቤት እንዲህ ተራቁተን ብንታይ ምን ይሉናል!» አለ። «ስማ ቲቢዮስ፣ ቤት ያለውን ሁሉ ፈትታችኋል?»

«ሁሉንም! ፍየሏን ፈታን፣ የወይራውን ገንቦ ከፈትን፣ የበሩን መወርወሪያ አወጣን። ጀልባዬንም ፈታሁ።»

«ጀልባህን ማን ያዘልህ ታዲያ?»

ቲቢዮስ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ማንም» አለ በመጨረሻ።

ሁላችንም ወደ ባሕሩ አየን። ጀልባዋ ባለቤት እንደሌላት ላም ዝም ብላ ወደ ጥልቁ ትሄዳለች። ቲቢዮስ ልብሱን ሰብስቦ ተመልሶ ሮጠ፤ ከኋላው የተሳቀውን ሳቅ እሱ አልሰማም። እኔም ስቄአለሁ። ሰዓቱ ገና ነበር፣ ልጅቷም ጠንካራ ናት፤ የሚያስፈራ ነገር አልመሰለንም።

እኩለ ቀን ላይ ግን ናና ራሷ መጣች። ጸጉሯ ተፈቷል፣ እግሯ ባዶ ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ገላትያዊ ነው፤ ሴት ወደ ውስጥ አያስገባም።

«እናቴ፣ ትእዛዝ ነው፤ ልለፍ አትበይኝ» አላት።

«እናት አለህ?» አለችው።

«አለችኝ።»

«እንዴት የወለደችህ ይመስልሃል?»

ዘበኛው የሰይፉን ማንገቻ ፈትቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ናና ገባች።

ዛርዶቅ ፊቷን ሲያይ ከእቶኑ ራቀ። «ምን ሆነች?»

«ደክማለች። ልጁ አልወርድ ብሏል። እማማ ባቦ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች።» እማማ ባቦ የሰፈራችን አዋላጅ ናት፤ እኔንም ያወጣችኝ እሷ ናት። «ቤቱን ዞራ አየችው፤ የታሰረ ነገር የለም። ከዚያ ጠየቀችኝ። ‹የአባትየው እጅ ዛሬ የዘጋው ነገር አለ?› አለችኝ።»

ሁላችንም ወደ ማሰሮዎቹ አየን። በእሳቱ መሐል ተሰልፈዋል፤ በየክዳናቸው ጭቃ ላይ የአውራ ጣቱ ምልክት ደርቆ ይታያል።

«ክፈት አልልህም» አለች ናና። «ቢያሳስን አውቀዋለሁ። ሚስቱንም አውቃታለሁ። የመጣሁት እንድታውቅ ነው። ሳላውቅ ቀረሁ እንዳትለኝ ብዬ ነው።»

«አለቃው የት ነው?» አለ ዛርዶቅ።

አለቃችን ፊሊስቆስ ወደብ ወርዶ በቅሎዎቹንና ጭነቱን እያስተካከለ ነበር። «ሰው እንላክ» አልኩ እኔ። «ፈቃዱን ጠይቀን...»

«ሄዶ እስኪመጣ፣ መጥቶ እስኪያስብ» አለች ናና፣ ንግግሯንም አልጨረሰችውም።

ዛርዶቅ የብረት መቆስቆሻውን አነሣ። ጋሲስ ከፊቱ ቆመ። ልብሱን በአንድ እጁ እንደያዘ ነው፣ አሁን ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«አንተ ሰው፣ አስብ እንጂ! በዚህ ማሰሮ ውስጥ ያለው የመጨረሻው አፈር ነው። የዛሬው ቀይ ከወጣ ራስህን በእግርህ ወደዚያ ተራራ እየላክህ ነው።»

«ዞር በል፣ ወንድሜ።»

«ዛርዶቅ!»

«እኔ እዚያ እየሞትኩ እሷ እዚህ ብትኖር ይሻለኛል። ዞር በል።»

ጋሲስ ዞር አለ።

የመጀመሪያውን ክዳን በመቆስቆሻው ሲመታው ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ክዳኑም ወደ ጎን ወደቀ። ከውስጡ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነጭ ነበልባል ወጣ። ከነበልባሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር መብረር ጀመረ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የተባዘተ የበግ ጠጉር የሚመስል። ሁለተኛውን ከፈተ፣ ሦስተኛውን ከፈተ። እስከ ዳር ድረስ ሄደ። ቤቱ በነጭ ብናኝ ተሞላ። ራሳችን ላይ፣ ትከሻችን ላይ፣ በመሬት በተጣሉት ቀበቶዎቻችን ላይ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። አፋችንን ሸፍነን ወደ በሩ ሸሸን። ዛርዶቅ ብቻ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ።

በአሚሶስ ሴት ልጅ የተወለደችበት ቤት ደጃፍ ላይ የበግ ጠጉር ይሰቀላል፤ ወንድ ከሆነ የወይራ ቅጠል። ዛርዶቅ የሚወርደውን ነጭ ነገር በመዳፉ ተቀበለና አየው።

«ሴት ናት» አለ።

«መጀመሪያ ትወለድ እንጂ!» አለ ጋሲስ ከበሩ፣ እያሳለ።

ናና ቀድማ ወጥታ ነበር። እኛ ቆመን ጠበቅን። ማንም መዶሻ አላነሣም፣ ማንም አልቀለደም። እሳቱ ብቻ ይንጣጣል። እኔ በልቤ ወደ እናት ማ እጸልይ ነበር። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚለምነው በቃላት አይደለም፤ ስሟን ብቻ ደጋግሜ እጠራ ነበር።

በመጀመሪያ የሰማነው ከኮረብታው ወዲያ ነው፤ አንዲት ሴት እልል አለች። ቀጥላ ሌላዋ ከቅርብ ጣራ ተቀበለቻት። ከዚያ ከጉድጓዱ አጠገብ ያሉት፣ ከዚያ ልብስ የሚያጥቡት። እልልታው ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበለ እስከ ሳንቲም ቤቱ አጥር ድረስ መጣ። ዘበኛው በሩን በሰፊው ከፍቶ፣ «ሴት ናት! እናቲቱም ደህና ናት ይላሉ!» ብሎ ጮኸ፣ የገዛ እህቱ የወለደች ይመስል።

ዛርዶቅ በተሰበረው ጭቃ ላይ ቁጭ አለ። አለቀሰ። ቅንድብ ስለሌለው ልጅ ይመስል ነበር። ጋሲስ አጠገቡ ቁጭ አለና ትከሻውን በዚያ ከባድ እጁ መታው። «እንኳን እናት ማ ማረቻት» አለው። «አሁን ቀበቶዬን ላንሣ ወይስ ሌላም የምትወልድ አለቻችሁ?»

ማሰሮው ነው ልጁን ያወጣው ወይስ ሰዓቷ ደርሶ ነው ብለው ከዚያ ወዲህ የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። አላውቅም። የማውቀው አባቷ በእጁ ያለውን ሁሉ እንደከፈተ፣ እሷም እንደተገላገለች ነው። ለዚያ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ፊሊስቆስ ከሰዓት በኋላ መጣ። የከተማው ሰው ነው፣ የተማረ፤ ይቆጣል ግን ሳይሰማ አይፈርድም። ማሰሮዎቹን አየ። በጉጠት አንድ የመዳብ ቁራጭ አነሣ። ቀይ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ቢጫ ነቁጥ አለው እንጂ ቀይ ነው። ፊቱ ሲነጣ አየሁ፤ ለንጉሡ ሰው መልስ የሚሰጠው እሱ ነውና።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

ዛርዶቅ አፉን ሳይከፍት ጋሲስ ቀደመ። «ጌታዬ፣ ክዳኖቹ ተሰነጠቁ። የማኔስ ሸክላ ነው። ሸክላው ድሮም አይረባም።»

ማኔስ እኔ ነኝ። ዛርዶቅን ለማዳን ሸክላዬ ቢሰደብ ግድ የለኝም ብዬ ዝም አልኩ፤ ራሴንም በሐዘን ነቀነቅሁ።

«ሁሉም ማሰሮ?» አለ ፊሊስቆስ። «በአንድ ጊዜ? በመቆስቆሻ የተመታ እስኪመስል?»

ጋሲስ መሬት መሬት ተመለከተ።

«ማኔስን ተዉት» አለ ዛርዶቅ። «የሱ ሸክላ ደህና ነው። እኔ ነኝ የከፈትኳቸው። ልጄ ምጥ ላይ ነበረች፤ ልጁ አልወርድ አለ። የእጄ ሥራ ስለሆነ ከፈትኩት። ይቅርታ አልጠይቅዎትም፣ ጌታዬ፤ ነገም ቢሆን እከፍተዋለሁ። ግን የሌላ ሰው ጥፋት አይደለም።»

ፊሊስቆስ የያዘውን መዳብ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ተገላገለች?» አለ።

«ተገላግላለች።»

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

ፊሊስቆስ ግንባሩን በእጁ አሻሸ። «እኔ በቋጠሮና በክዳን አላምንም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ባለቤቴ ስትወልድ ግን ጫማዬን አውልቄ ስንጎራደድ ነው የዋልኩት» አለ። ማንም አልሳቀም፤ ለመሳቅ ገና ፈርተን ነበር።

መዳቡን አስመዘነ፤ ምንም አልጎደለም። ከአፈሩ ምንም እንዳልሸጠ ዛርዶቅን በንጉሡ እድልና በጨረቃው አምላክ አስማለው። ማለ። ከዚያ ፊሊስቆስ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። እኛም አየን። ተሸካሚ እንጨቶቹ ሁሉ ነጭ ለብሰዋል።

«እናቴ ዓይኗን ስትታመም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «ሐኪሙ ከዚህ ጣራ ላይ ነጩን ጠርገህ አምጣልኝ እያለ ይልከኝ ነበር። ያ ነጭ ከየት የመጣ ነው? ከአፈሩ ነው። ሌላ ከየት ይመጣል?» ወደ ዛርዶቅ ዞረ። «ያወጣኸውን ሰብስበህ መልሰው። ከመዳቡ ጋር እንደገና ዝጋው። በቅሎዎቹን እኔ አቆያለሁ፣ አንዷ ታነክሳለች እላለሁ። ቢጫ ከወጣ ወጣ። ካልወጣ...» አልጨረሰም። «ካልወጣ እኔም የምልልህ አይኖረኝም።»

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች መጥረጊያ ይዘው መጡ። ናና ናት ያሰባሰበቻቸው። ዘበኛው በዚህ ጊዜ ምንም አላለም፤ መሰላል አምጥቶ ያዘላቸው። ከሴቶቹ መካከል የቢያሳስ ሚስት ነበረች፤ የዝይ ላባ ይዛ መጣች። በጀርባ በኩል፣ ድሮ ባሏ ይሠራበት ከነበረው ከአሮጌው እቶን በላይ ያለውን እንጨት ልጥረግ ብላ ወጣች። እዚያ የትናንቱ ለስላሳ ብናኝ አልነበረም። ዓመታት የተደራረበበት፣ እንደ ኖራ የጠነከረ ነጭ ቅርፊት ነበር። በላባ አልነሣ ስላላት ቢላዋ ጠየቀች።

ፊሊስቆስ ከታች ቆሞ ያየው ነበር። «ያ ሁሉ በዚያ ቦታ ለምን?» አለ።

«በዚያን ጊዜ ክዳኖቹ ስስ ነበሩ፤ ጢሱ በስንጥቃቸው ይወጣ ነበር» አልኩ። ከእኔ በፊት የነበረው ሠሪ ሸክላውን ያሳሳ እንደነበር ስብርባሪውን አይቼ አውቃለሁ። ያንን ስናገር ምን እንደተናገርኩ ገና አልገባኝም ነበር።

የቢያሳስ ሚስት ግን ገባት። መሰላሉ ላይ እንደቆመች እጇን አቆመች።

«አፈሩ እዚህ ነው ያለው» አለች። «ባሌ አልሸጠውም። እዚህ ነው ያለው።»

ፊሊስቆስ ቀና ብሎ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «አልሸጠውም» አለ። «በገበያው አደባባይም ይህንን አስነግራለሁ።» አስነገረም። ቢያሳስን ፈልገው እንዲያመጡት ወደ ተራራው ሰው ልኮ ነበር፤ የተመለሰው መልስ የፈራነው ነበር። ቢሆንም የልጆቹ ስም ጸዳ። ትልቁ ዛሬ በሳንቲም ቤታችን ወናፍ ይነፋል።

ሚስቱ ቅርፊቱን በቢላዋ እየፋቀች በልብሷ ጫፍ ተቀበለችው። አንዲት ፍርፋሪ አልጣለችም። ወርዳ ዛርዶቅ ፊት ዘረገፈችው። «በል እንግዲህ» አለችው፤ «የሱም አለበት፣ ደህና አድርገህ ዝጋው።»

ዛርዶቅ ማሰሮዎቹን ሞላ። መዳቡን፣ ከሰሉን፣ ከጣራው የወረደውን ነጭ። ጭቃውን መረገ። አውራ ጣቱን ሊጫን ሲል ግን እጁን መለሰ።

«ናና» አለ። «በሰፈሩ ቀኗ የደረሰ ሌላ ሴት አለች?»

«ሂድ አንተ!»

«የምሬን ነው።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ በጣት ቆጠሩ፣ ተሳሳቁ። እማማ ባቦ በመጨረሻ «የጋሲስ ሚስት ናት ቅርቧ፤ እሷም ከመከር በፊት አትወልድም» ብላ ፈረደች። ጋሲስ ይሄን ገና አልሰማም ነበርና መዶሻውን እግሩ ላይ ሊጥለው ምንም አልቀረው። ዛርዶቅ አውራ ጣቱን ጫነ። «እናት ማ፣ እኔ ዘጋሁት፣ አንቺ ጠብቂው።»

ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ጨው ዓሣና የማሽላ ገንፎ አመጡልን፤ ዛርዶቅ አልቀመሰም። በማግስቱ ሲከፍት ሁላችንም ወደ ኋላ ቆምን። ጉጠቱን አስገባ፣ አወጣው፣ በውኃ ውስጥ ነከረው፣ በጨርቅ ጠረገው። ወደ ብርሃን ወሰደው።

ቢጫ ነበር። ከወትሮው ትንሽ ፈዘዝ ያለ፣ ግን ቢጫ።

ፊሊስቆስ ተቀብሎ አገላበጠው። «ይምቱት» አለ ብቻ፣ ዞሮም ወጣ።

ጋሲስ ያን ቀን የመታው አመታት! ሲመታ ይዘፍናል፣ በየመሐሉም «የእኔም ሚስት አሉ!» ይላል። በቅሎዎቹ ተጭነው ወደ ኮማና ሄዱ፤ እንደሰማነው ለበዓሉ ደረሱ። የቲቢዮስም ጀልባ አልጠፋችም፤ ማዶ ያሉ አጥማጆች ይዘው ጠብቀውለታል፣ ውስጧ የራሳቸውን ዓሣ ጨምረው። ልጅቷ አፊያ ተባለች። በስሟ ቀን የዛርዶቅ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ነጭ የበግ ጠጉር አያቷ ደጋግሞ እየወጣ ይነካው ነበር፣ እውነተኛ ጠጉር መሆኑን የሚጠራጠር ይመስል።

ያቺ ልጅ ዛሬ አግብታለች። ዛርዶቅ አርጅቷል፤ ወናፉንና እቶኑን ለሌሎች ለቋል። ግን ማለዳ ማለዳ ማሰሮዎቹ ሲዘጉ እየሄደ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ጭቃው ተመርጎ አውራ ጣት ከመጫኑ በፊት አዲሱ አቅላጭ ወደ በሩ ዞሮ በታላቅ ድምፅ ይጠይቃል፦ «ምጥ የያዛት አለች?»

ይህንን ንጉሡ አላዘዘም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊሊስቆስ «ሳትጠይቁ እሳት አታንድዱ» ማለት ጀመረ፤ እሱ ከሄደ በኋላም ልማዱ ቀጠለ። ዘበኛው ወደ መንገዱ ይመለከታል፣ ሴቶቹ ከጉድጓዱ «የለችም!» ብለው ይመልሳሉ። ዛርዶቅ ራሱን ይነቀንቃል።

ትናንት ጠዋት ግን ሴቶቹ «አለች!» አሉ። አፊያ ነበረች። ማሰሮዎቹ ክዳናቸው በጎናቸው ተቀምጦ ዋሉ፣ እቶኑም ቀዝቅዞ ዋለ፣ ማንም አላጉረመረመም። ከሰዓት በኋላ እልልታው በጣራዎቹ ላይ እየተቀባበለ መጣ። ዛርዶቅ ከመቀመጫው ሳይነሣ ቀበቶውን መልሶ አሰረና፣ «በሉ፣ አሁን ዝጉት» አላቸው።